ተርሚናሉ አሁንም ፓስፍሬዝ ይጠይቃል

ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ዴስክቶፑን አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ጊት ፑል ባልኩ ቁጥር፣ ማለትም ኮድ ከሰርቨር ላወርድ ስል፣ የኤስኤስኤች ኪይ ፓስፍሬዝ ይጠይቀኛል። ኤስኤስኤች ከሌላ ማሽን ጋር በምስጢር መገናኛ ነው፣ ኪዩ የመግቢያ ቁልፌ ነው፣ ፓስፍሬዙ ደግሞ ያን ቁልፍ የሚከፍተው የምስጢር ቃል። ፑሽ ስል፣ ማለትም ኮድ ወደ ሰርቨር ስልክ፣ ይጠይቃል። ሰርቨር ልገባ ስልም ይጠይቃል። ከአፕዴቱ በፊት ጠዋት አንዴ ሎግ ኢን ካደረግኩ ቀኑን ሙሉ ዝም ይል ነበር። ፓስፍሬዜ ረጅም ነው፤ ረጅም ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። በቀን አንዴ መጻፉ ምንም አይደል። በየደቂቃው ሲሆን ግን ያሰለቻል።

ማሽኑ አርች ሊኑክስ ነው፣ ዴስክቶፑ ግኖም። ከኔ በፊት ይሠራበት የነበረው ልጅ ሲለቅ ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከርሞ ነው ለኔ የደረሰኝ። መጀመሪያ እንዳለ ሠራሁበት፣ ከዚያ አደስኩት። አርች ደግሞ ሳያድሱት ከቆዩ ቂም ይይዛል። የወረደው ፓኬጅ ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶ ተረፈ። ስለዚህ «ምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። ሁሉም ነገር ተቀይሯል።

ጎኔ የምትቀመጠው ልጅም «እኔም ጋ እንደዚያ ያደርጋል» ስላለችኝ ነው ይሄን እየጻፍኩ የምሄደው። ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ያው በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

መጀመሪያ ያየሁት የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ተርሚናሉ ላይ «ኢንተር ፓስፍሬዝ ፎር ኪይ» ብሎ የፋይሉን አድራሻ ከጻፈ፣ የሚጠይቀው እዚሁ ማሽኔ ላይ ያለው ኤስኤስኤች ነው። የተጠቃሚ ስምና የሰርቨር ስም ጠርቶ «ፓስዎርድ» ካለ ግን ጠያቂው ሰርቨሩ ነው፤ ኪዩን አልተቀበለውም ማለት ነው። መስኮት ብቅ ብሎ ከጠየቀ ደግሞ የዴስክቶፑ ፓስዎርድ ማስቀመጫ፣ ኪሪንግ፣ ነው። ሦስቱም «ፓስዎርድ ይጠይቀኛል» ተብለው ነው የሚወሩት፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የኔው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፓስፍሬዝ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ዲስክ ላይ ተመስጥሮ የተቀመጠውን ፕራይቬት ኪይ እዚሁ ለመክፈት ብቻ ነው የሚያገለግለው። «ፓስፍሬዜን ሪሴት አድርጉልኝ» ብሎ የሰርቨር አስተዳዳሪውን መለመን ትርፉ ድካም ነው፤ ሰውየው ሊያውቀውም ሊቀይረውም አይችልም።

ኮዱ የሚመጣበትን አድራሻ ለማወቅ ጊት ሪሞት -ቪ ብዬም አየሁ። አድራሻው በጊት@ ይጀምራል፣ ስለዚህ መንገዱ ኤስኤስኤች ነው። በኤችቲቲፒኤስ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። እዚያ የሚጠየቀው ቶክን፣ በፓስዎርድ ፈንታ የሚሰጥ ኮድ፣ ነው፤ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ ለጊት ሥራ የአካውንት ፓስዎርድ መቀበል አቁሟል።

ሰኞ ማታ

ሰው ሲወጣና ቢሮው ጸጥ ሲል ወደ ኤጀንቱ ገባሁ።

ኤስኤስኤች-ኤጀንት ቁልፍ እንደሚይዝ ዘበኛ ነው። ፓስፍሬዙን አንዴ ትነግረዋለህ፣ የተከፈተውን ኪይ ሚሞሪ ላይ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ኤስኤስኤች አንተን ትቶ እሱን ይጠይቃል። ኪዩን ራሱን ለማንም አይሰጥም፤ ፊርማ ሲጠየቅ ፈርሞ ይመልሳል። የሚገኘው ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት አንድ ሶኬት ፋይል በኩል ነው። የሶኬቱን አድራሻ ደግሞ ኤስኤስኤች_ኦውዝ_ሶክ የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሱ የሚያነቡት ስምና ዋጋ) ይነግረናል። ቫሪያብሉ ባዶ ከሆነ ወይም የሞተ አድራሻ ከያዘ ኤጀንቱ ቢኖርም የሚያገኘው የለም።

ኤስኤስኤች-አድ -ኤል ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ «ዘ ኤጀንት ሃዝ ኖ አይደንቲቲስ» ነው። ኤጀንት አለ፣ የያዘው ኪይ ግን የለም። እሺ፣ ይሄ ቀላል ነው ብዬ ኤስኤስኤች-አድ አልኩ፣ ፓስፍሬዙን ጻፍኩ፣ ገባ። ፑል አደረግኩ፣ አልጠየቀኝም። ሌላ ተርሚናል ከፍቼ እዚያ ፑል ስል ግን ጠየቀኝ። ኤስኤስኤች-አድ -ኤል ስለው እንደገና ባዶ ነው።

ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጌ በሁለቱም የቫሪያብሉን ዋጋ አስወጣሁ። በግራው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ኤስኤስኤች ብሎ የሚጀምር ፎልደር አለ፣ ከስሙ ኋላ ዝብርቅርቅ ፊደላት፣ ውስጡ ደግሞ ኤጀንት የሚል ስምና ቁጥር። በቀኙም ያው ነው፤ ፊደላቱ ግን ይለያሉ፣ ቁጥሩም ይለያል። ሁለት ተርሚናል፣ ሁለት ኤጀንት። አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ፒግሬፕ ኤስኤስኤች-ኤጀንት ስል የፕሮሰስ ቁጥር ቁልቁል ተደረደረ። እያንዳንዱ የዘጋሁት ተርሚናል አንድ ኤጀንት ትቶ ሄዷል። ተርሚናል ሲዘጋ ኤጀንቱ አብሮ አይሞትም፤ ቁጭ ብሎ ሚሞሪ ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልኝ። ጠዋት ከኤዲተሩ ውስጥ ፑሽ ስል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይመልስ ነበር፣ ፓስፍሬዝ እንኳ ሳይጠይቅ። ተርሚናሉ በገዛ ሼሉ ውስጥ ኤጀንት እያስነሳ ከሆነ፣ ከግኖም አይከን ላይ የተከፈተ ኤዲተር ያን ቫሪያብል ከየት ያገኘዋል? አያገኝም። የሚጽፍበት ተርሚናልም ስለሌለው ፓስፍሬዝ መጠየቂያ ያጣል፣ በቃ «አይቻልም» ብሎ ይወጣል።

ነገ ማን እንደሚያስነሳቸው እፈልጋለሁ። ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ላይ ጥርጣሬ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት

ባሽአርሲው ውስጥ አለ። የቢሮው የማሽን ማዋቀሪያ ስክሪፕት የጨመረው መስመር ነው፤ በላዩ ላይ የስክሪፕቱ ማስታወሻ አለ። በአማርኛ ሲነበብ «ኤስኤስኤች_ኦውዝ_ሶክ ባዶ ከሆነ አዲስ ኤጀንት አስነሳ» ነው የሚለው።

መስመሩ አፕዴቱ ሳይመጣም እዚሁ ነበር። ታዲያ ያኔ ለምን አላስቸገረም? «ባዶ ከሆነ» ስለሚል ነው። ያኔ ባዶ አልነበረም። አንድ ሌላ ነገር ቫሪያብሉን ቀድሞ ይሞላው ነበር፣ መስመሩም ተኝቶ ነበር። አሁን ያ ነገር ጠፋ፣ መስመሩ ነቃ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተርሚናል ባዶ አግኝቶ የራሱን ያስነሳል።

ኢንተርኔት ላይ ለዚህ ችግር በብዛት የሚሰጠው ምክር «ባሽአርሲህ ላይ ኤጀንት ማስነሻ ጨምር» የሚል ነው። ግራፊክ ዴስክቶፕ ለሌለው ሰርቨር ምናልባት ያስኬዳል። ዴስክቶፕ ላይ ግን ቋሚ መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም፤ እንዳየሁት ችግሩን ከየኮማንዱ ወደ የተርሚናሉ ያሻግረዋል እንጂ አይፈታውም።

መስመሩን እንዳይሠራ በኮሜንት ዘጋሁት። አዲስ ተርሚናል ከፍቼ ኤስኤስኤች-አድ -ኤል ስል መልሱ ተቀየረ፤ አሁን «ከኤጀንት ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ነው የሚለው። በመልክ ሲታይ የባሰ ይመስላል። ለኔ ግን ይሻላል፣ እውነተኛው ሁኔታ ነውና። ዴስክቶፑ ራሱ ኤጀንት አይሰጠኝም።

ጎኔ ያለችው ልጅ ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች።

«ለምን ፓስፍሬዙን አታጠፋውም? ኤስኤስኤች-ኪጅን -ፒ ብለህ አዲሱን ባዶ ታደርገዋለህ፣ ትገላገላለህ።»

«ኮምፒውተሩ ቢሰረቅስ?»

«አረ ባክህ! ይሄን የሚያህል ዴስክቶፕ ማን ተሸክሞ ይወጣል?»

«ጥገና ሲሄድስ?»

ዝም አለች። ያለችው ነገር በቴክኒክ ትክክል ነው፣ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ግን ፓስፍሬዝ የሌለው ፕራይቬት ኪይ ተራ ፋይል ነው። ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ የሰካ ሰው ፋይሉን ኮፒ አድርጎ እኔን ሆኖ ይገባል። የፋይሉ ፐርሚሽን 600 መሆኑም እዚያ ላይ አያድንም፤ እሱ የሚከላከለው እዚሁ ሲስተም ላይ ካሉ ሌሎች ተጠቃሚዎች ነው። ዴስክቶፕ ባይሰረቅም ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፣ ከነዲስኩ ጠጋኝ ቤት ያድራል። እና እኔ አላጠፋውም።

ማክሰኞ ከሰዓት

ቫሪያብሉን ቀድሞ ይሞላ የነበረው ተገኘ፦ ግኖም ኪሪንግ።

ግኖም ኪሪንግ ዋና ሥራው ፓስዎርድ ማስቀመጥ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን በጎን የኤስኤስኤች ኤጀንትነትም ይሠራ ነበር። ሎግ ኢን ሲደረግ አብሮ ይነሳና በተጠቃሚው ራንታይም ፎልደር ሥር፣ ኪሪንግ በሚል ንዑስ ፎልደር ውስጥ ሶኬት ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ቨርዥን 46 ጀምሮ ያ የኤጀንት ክፍል በነባሪነት እንዲጠፋ ተደረገ። ሥራው ጂሲአር ወደሚባለው ፓኬጅ ተዛወረ፣ ስሙም ጂሲአር-ኤስኤስኤች-ኤጀንት ሆነ። አርች ላይ አዲሱ ኤጀንት ፓኬጁ ስላለ ብቻ አይነሳም፤ ተጠቃሚው ራሱ ማብራት አለበት። የኔ ማሽን ከ46 በፊት የነበረ ግኖም ኪሪንግ ይዞ ነው የከረመው። ባንድ ዝላይ አልፎት ሄደ፣ አሮጌው ዘበኛ ተሰናበተ፣ አዲሱን የቀጠረው የለም።

የማብሪያው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፦ ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር ኢኔብል --ናው፣ ከዚያ ጂሲአር-ኤስኤስኤች-ኤጀንት ነጥብ ሶኬት። ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አያስፈልገውም። እንዲያውም በሱዶ ከተሞከረ የአስተዳዳሪውን፣ የሩትን፣ ነው የሚነካው እንጂ የኔን ሴሽን አይደለም። ሰርቪሱን ሳይሆን ሶኬቱን ነው የማበራው፤ ኤጀንቱ የሚነሳው ሶኬቱን የሚጠይቅ ሲመጣ ብቻ ነው። የሶኬቱ ፋይል ሲበራ ቫሪያብሉንም ለተጠቃሚው ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን ለሚያስነሳው ፕሮግራም) ራሱ ይነግረዋል፣ ስለዚህ ባሽአርሲ ውስጥ ምንም መጻፍ አላስፈለገም።

ሎግ አውት፣ ሎግ ኢን። ተርሚናል ከፈትኩ። አሁን አድራሻው በራንታይም ፎልደሩ ሥር ጂሲአር፣ ከዚያ ኤስኤስኤች ይላል። ሁለተኛ ተርሚናል ከፈትኩ፤ ያው አድራሻ ነው፣ ፊደል በፊደል።

ጊት ፑል ስል ተርሚናሉ አልጠየቀኝም። የግኖም መስኮት ብቅ አለና እሱ ጠየቀኝ። ከታቹ ሎግ ኢን ባደረግኩ ቁጥር ኪዩ በራሱ እንዲከፈት የሚያደርግ ምልክት ማድረጊያ አለ። ምልክት አደረግኩ። ይሄ ማለት ፓስፍሬዙ በሎግ ኢን ፓስዎርዴ ተመስጥሮ ኪሪንጉ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የኪዩ ጥንካሬ ከሎግ ኢን ፓስዎርዴ አይበልጥም። 1234 ብሎ የሚገባ ሰው ይቺን ሳጥን ባይነካት ይሻለዋል።

ኤዲተሩም አሁን ያለ ችግር ፑሽ ያደርጋል።

ረቡዕ

ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ የለኝም፣ ማሽኑ ዝም አለ። ሲመለስ አስነሳሁት፣ ሎግ ኢን አደረግኩ፣ ፑል አልኩ። ምንም ሳይጠይቅ አወረደ። ሪስታርት አድርጌ ልሞክረው አስቤ ነበር፣ እነሱ ሞከሩልኝ።

ከዚያ የቴስት ሰርቨሩ ልገባ ስል ተርሚናሉ እንደ ድሮው «ኢንተር ፓስፍሬዝ» አለ። ደግሜ ስገባ ደግሞ ጠየቀኝ።

ለቴስት ሰርቨሩ የምጠቀመው ሌላ ኪይ ነው። በኤስኤስኤች -ቪ ስገባ የሚወጣውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ዋናው ቦታ «ኦፈሪንግ ፐብሊክ ኪይ» የሚለው መስመር ነው። ኪዩ ከኤጀንት የመጣ ከሆነ መስመሩ መጨረሻ ላይ «ኤጀንት» የሚል ቃል ይኖራል። የጊቱ ኪይ ላይ ቃሉ አለ። የቴስት ሰርቨሩ ላይ የለም፤ ኤስኤስኤች ኪዩን ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ባለው አድራሻ በቀጥታ ከዲስክ ነው የሚያነሳው።

ፎልደሩን ሳየው ምክንያቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የጊቱ ኪይ ሁለት ፋይል ነው፦ አንዱ ፕራይቬቱ፣ ሌላው በዚያው ስም ላይ ነጥብ ፐብ የተጨመረበት። የቴስቱ ግን ፕራይቬቱ ብቻ ነው፣ ከአሮጌው ላፕቶፕ ሲመጣ ለብቻው ነው የተላከው። ጂሲአር ኪዮችን የሚያገኘው በኤስኤስኤች ፎልደሩ ውስጥ ነጥብ ፐብ የሚሉ ፋይሎችን እየፈለገ ነው። ፐብ ፋይል ከሌለ ፕራይቬቱ መኖሩንም አያውቅም። ንዑስ ፎልደር ውስጥ ገብቶም አይፈልግም።

በዚህ ምክንያት የኤስኤስኤች-አድ -ኤል ዝርዝርም እዚህ ላይ ያታልላል። ጂሲአር ፐብሊክ ኪዩን ስላየ ብቻ ይዘረዝረዋል፤ ገና ያልተከፈተ ኪይም ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። በተራው ኤጀንት ዝርዝር ላይ አለ ማለት ተከፍቷል ማለት ነው፣ እዚህ ግን አይደለም።

ፐብሊኩን ከፕራይቬቱ ማውጣት ይቻላል፦ ኤስኤስኤች-ኪጅን -ዋይ -ኤፍ ብሎ የፕራይቬቱን ፋይል መስጠት፣ ውጤቱን በዚያው ስም ነጥብ ፐብ ጨምሮ ወደ ፋይል ማዞር። ፓስፍሬዙን አንዴ ጠየቀ። ቀጥሎ ሰርቨሩ ልገባ ስል መስኮቱ መጣ፣ ምልክት አደረግኩ፣ አለቀ።

የፕሮዳክሽኑ ኪይ ላይ ግን ተቃራኒውን አደረግኩ። ንዑስ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት፣ ኮንፊጉ ላይ ለዚያ ሰርቨር ብቻ አድ-ኪይስ-ቱ-ኤጀንት ኖ አልኩ፣ ኪዩን ለኤጀንቱ አትስጥ ማለት ነው። በየጊዜው ይጠይቀኝ። የደንበኞች ዳታ ያለበት ሰርቨር ውስጥ ልገባ መሆኑን ጣቴ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ልጅቷ ይሄን ስታይ ሳቀች፣ «ሰኞ ዕለት ስታለቅስበት የነበረውን ነገር ራስህ መልሰህ ገጠምከው» አለች። ልክ ናት፤ ልዩነቱ የሚጠይቀኝን እኔ መምረጤ ነው።

ሐሙስ

ሁለት ትንንሽ ነገሮች።

ቲማክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍል ፕሮግራም) ውስጥ ያሉት አሮጌ ፔኖች፣ ማለትም ክፍሎች፣ አሁንም ፓስፍሬዝ ይጠይቃሉ። ከዚያ መብራት መጥፋት በኋላ የተነሳ ቲማክስ ነው፣ እና ለምን ብዬ ነበር። ለካስ ትናንት ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች ገብቼ ነው ያስነሳሁት፤ ያኔ የነበረውን ኢንቫይሮመንት ይዞ ቀረ። ቲማክስ እንደገና ሲያያዙት ኤስኤስኤች_ኦውዝ_ሶክን ያድሳል፣ የሚያድሰው ግን ለሚከፈቱት አዳዲስ ፔኖች ነው። የተከፈቱት ውስጥ ያለው ሼል ያንኑ አሮጌ ዋጋ እንደያዘ ይቆያል። ዘግቼ ከፈትኳቸው።

ሁለተኛው የአማርኛ ኪቦርድ ጉዳይ ነው። ለደንበኛ በአማርኛ መልእክት ጽፌ ስጨርስ ወደ ፕሮዳክሽን ልገባ ስል ፓስፍሬዙን አልቀበልም አለ። ተርሚናል ፓስፍሬዝ ሲጻፍ ኮከብ እንኳ አያሳይም፣ ስለዚህ ሀሁ እየተጻፈ ይሁን ኤቢሲዲ አይታይም። ከላይ ባሩ ላይ ያለው የቋንቋ ምልክት አማርኛ ላይ ነበር። «ፓስፍሬዜ ትክክል ነው፣ እምቢ ይላል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ኪዩን ከመጠራጠራችሁ በፊት ሱፐርና ስፔስ አስነኩት። በነገራችን ላይ ፓስፍሬዝን በአማርኛ ማድረግ በቴክኒክ ይቻላል። ግን በ«ጸ» ይሁን በ«ፀ» ጻፍኩት ብሎ ሌሊት ላይ ማሰብ አይመከርም።

ዓርብ

የልጅቷን ማሽን አየሁት። የሷ ችግር ሌላ ሆኖ ተገኘ።

እሷ ጋ ሶኬቱ በርቷል፣ አድራሻውም ትክክል ነው። የሚጠይቃት መስኮት ሲሆን ጥያቄውም የኪዩ ፓስፍሬዝ አይደለም። ስትሎግ ኢን ኪሪንጉ እንዳልተከፈተ ይነግራትና የኪሪንጉን ፓስዎርድ ይጠይቃታል። እሷ ግን የምትጽፍለት የኪዩን ፓስፍሬዝ ነበር፣ እሱም እምቢ ይላታል።

ምክንያቱ አውቶሎግ ኢን ነው። ኪሪንጉ የሚከፈተው ሎግ ኢን ስክሪኑ ላይ በሚጻፈው ፓስዎርድ ነው፤ ፓም የሚባለው ክፍል ተቀብሎ ያቀብለዋል። ፓስዎርድ ካልተጻፈ የሚቀበለው ነገር የለም፣ ኪሪንጉም እንደተዘጋ ይቆያል። አንዳንዱ የኪሪንጉን ፓስዎርድ ባዶ በማድረግ ይገላገላል። ያኔ ውስጡ ያለው ሁሉ ሳይመሰጠር ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ የኪዩም ፓስፍሬዝ ጭምር። አውቶሎግ ኢኑን አጠፋነው።

«በቃ ይሄው ነው?» አለች።

«ይሄው ነው።»

«እና ጠዋት ጠዋት ፓስዎርድ ልጽፍ?»

«አንዴ።»

ብዙም ደስ አላላትም።

ቀሪ ሥራ፦ የቢሮው ስክሪፕት ያቺን የባሽአርሲ መስመር አሁንም ለአዲስ ማሽን ሁሉ ይጨምራል። እሷን አውጥቼ በምትኳ ግኖም ያለበት ማሽን ላይ የጂሲአሩን ሶኬት የሚያበራ መስመር አስገብቻለሁ። ለውጡ እንዲገባ የሚጠይቀው ፑል ሪኩዌስት ቀርቧል፣ ሪቪው የሚያደርገው ሰው ሰኞ ነው የሚገባው።